ጥቁር መነጽርና የደብረ ብርሃን የፈላ ውሃ

በደብረ ብርሃን ንፍሮ ጥዶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ ይህን ነገር ታዝቦታል። በሸዋ ሮቢት ቆላ ቶሎ ለስልሶ የሚወርደው ባቄላ፣ በደብረ ብርሃን ደጋ ላይ ሲጣድ፣ ውሃው እየተንተከተከ ክዳኑም እየዘለለ፣ እርሱ ግን እንደ ጠጠር ሆኖ ይቈያል። የቤት እመቤቶች ጥፋቱን ለብርዱ ይሰጡታል። ዋናው ጥፋተኛ ግን ብርዱ ሳይሆን የአየሩ መሳሳት ነው። ውሃ በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈላል ተብሎ በትምህርት ቤት የተነገረን ስለ ባሕር ጠረፍ ነው። ከዚያ ወደ ላይ 300 ሜትር ያህል በወጣን ቍጥር፣ ውሃው ከሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይጎድላል። ሸዋ ሮቢት ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ስለ ሆነች ውሃዋ የሚፈላው በ96 ዲግሪ አካባቢ ነው። የአዲስ አበባው በ92 ገደማ ይፈላል። ከፍታዋ 2,800 ሜትር የሚያህለው ደብረ ብርሃን ግን ውሃዋ ከ90 እስከ 91 ባለው ዲግሪ ላይ ፈልቶ ያበቃል። ከዚያ በኋላ እሳቱን ምንም ቢያነዱት ውሃው በእንፋሎት ያልቃል እንጂ ሙቀቱ ፈቀቅ አይልም።

ነገሩ ለሰሜን ሸዋ ታሪክም ቢሆን ጨርሶ ባዳ አይደለም። በ19ኛው መቶ ዓመት ይመጡ የነበሩት አውሮፓውያን ተጓዦች የተራራን ከፍታ ከሚለኩባቸው ዘዴዎች አንዱ፣ ውሃ አፍልቶ ቴርሞሜትር መንከር ነበር። ውሃው ስንት ዲግሪ ላይ እንደ ፈላ አይተው ከፍታውን በሒሳብ ያወጡታል። ካፒቴን ሃሪስ የመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1841፣ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ከተማ ወደ አንኮበር በመጣበት ዘመን ይህ ዘዴ በተጓዦች ዘንድ የታወቀ ነበር። እንግዲህ በእሳት ላይ ያለ አንድ ማሰሮ ውሃ የአገሩን ከፍታ ይናገራል ማለት ነው።

አንባቢያችን «ወሬው ስለ ንፍሮ ከሆነ ለባልትና ገጽ ይተውልን» ብሎ ሳይቈጣን በፊት ወደ ጉዳያችን እንግባ። ጉዳያችን መነጽር ነው፤ ያውም ቀጭንም ጥቁርም እንዲሆን የሚፈለገው መነጽር። ይህ መነጽር እንደ ባቄላው ሁሉ በፈላ ውሃ ውስጥ የሚቀቀል መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም።

ቀለም ወደ አንድ ዕቃ የሚገባባቸው መንገዶች በጥቅሉ ሁለት ናቸው። የመንዝ ባላገር ለበርኖሱ ጥቁር በግ መርጦ ሲሸልት፣ ጠጉሩ ከነቀለሙ የበቀለ ነው። መሶብ የምትሰፋ እናት ግን ቀዩንና አረንጓዴውን የምታገኘው ነጩን አክርማ ከቀለም ጋር በድስት ቀቅላ ነው። የመነጽርም ነገር እንደዚሁ ነው። በቀድሞ ጊዜ ከብርጭቆ ይሠራ የነበረው ጥቁር መነጽር እንደ በርኖሱ ነበር፤ ብርጭቆው በእቶን ውስጥ ሲቀልጥ ቀለሙ አብሮ ይገባበታል። መልካም ዘዴ ነው፤ ሩቁ ለሚደበዝዝበት ሰው ግን አንድ ጉድ ነበረበት። ለእርሱ የሚሠራው ሌንስ መሃሉ ቀጭን ጠርዙ ወፍራም ስለ ሆነ፣ ወፍራሙ ጠርዝ ከመሃሉ የበለጠ ይጠቍራል። ሰውየውም ዓይኑ ዙሪያውን የተኳለ መስሎ ይታያል።

የአክርማው ዘዴ ወደ መነጽር የገባው ፕላስቲክ ከመጣ ወዲህ ነው። ዛሬም በዓለም ሁሉ በመነጽር ቤቶች የሚገኘው ተራው የፕላስቲክ ሌንስ ሲ አር 39 ይባላል። ሲ አር የተባለው ኮሎምቢያ ሬዚን ከሚለው ስም ነው፤ 39 ደግሞ በፈጣሪዎቹ ዘንድ የተሰጠው የሙከራ ቍጥር ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1940 የተገኘው በአሜሪካ፣ በፒትስበርግ ፕሌት ግላስ ኩባንያ ሠራተኞች ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የቦምብ ጣይ አውሮፕላኖችን የነዳጅ ታንክ ለማበርታት አገልግሏል። ጦርነቱ ሲያበቃ የተረፈው ሬዚን ሥራ ሲፈለግለት፣ በ1947 በካሊፎርኒያ የመነጽር ሌንስ ሆነ። ከብርጭቆው ግማሽ ያህል ይቀላል፤ እንደ ብርጭቆው በቀላሉ አይሰበርም። ከሁሉም በላይ ግን ቀለም ይጠጣል።

አቀላለሙ እንዲህ ነው። ከማይዝግ ብረት በተሠራ ትንሽ ገንዳ ውስጥ ውሃና ቀለም ይጨመራል። ቀለሙ እንደ ስኳር የሚሟሟ ሳይሆን እንደ ደቃቅ ዱቄት በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፍ ነው፤ ወገኑም ፖሊስተር ጨርቅ ከሚነከርበት ቀለም ነው። ውሃው ብዙውን ጊዜ ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ድረስ ይሞቃል። ሌንሶቹ በሽቦ መያዣ ተይዘው ይጠልቃሉ። ሙቀቱ የፕላስቲኩን ጥልፍልፍ ሲያላላው ደቃቁ ቀለም ከላይኛው ገጽ ሾልኮ ጥቂት ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውፍረቱ ከጠጉር ዘለላ ከማይበልጥ ሥፍራ አይዘልቅም። ሌንሱ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ጥልፍልፉ ይጨብጠዋል፤ ቀለሙም እዚያው ታስሮ ይቀራል። ገጹ በሁሉም በኩል የሚጠጣው እኩል ስለ ሆነ የወፍራሙ ጠርዝ ጉድ እዚህ የለም። ከላይ ጠቍሮ ወደ ታች እየሳሳ የሚሄደው ቀለም የተፈለገ እንደ ሆነ፣ ሌንሱ ተዘቅዝቆ ቀስ እያለ ይነከራል፣ ቀስ እያለ ይወጣል።

ይህን ሥራ ያየ ሰው ፋብሪካ አይመስለውም፤ ወጥ ቤት እንጂ። ሠራተኛው በየጥቂት ደቂቃው ሌንሱን አውጥቶ፣ አጥቦ፣ አድርቆ፣ በመስኮት ብርሃን ከናሙናው ጋር ያስተያየዋል። ጥቂት ቀርቶታል፤ ይመልሰዋል። አሁንም ያወጣዋል። የግራውና የቀኙ ካልተመሳሰሉ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነው። በሲ አር 39 ላይ ለስላሳ ቀለም በጥቂት ደቂቃ ይገኛል፤ ጥቁር ለማድረግ ግማሽ ሰዓት ያህል ሊፈጅ ይችላል። ቢሳሳትም በሌላ ሙቅ መድኃኒት ቀለሙን መልሶ ማስለቀቅ ይቻላል። ሲ አር 39 ታጋሽ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ወጣቱ ጸሐፊያችን እንምጣ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቶ መሥሪያ ቤት የገባ፣ ዓይኑ ግን በንባብ ዘመኑ እየደከመ ሄዶ 8 ዲዮፕተር የደረሰ ወጣት እንበል። የዚህ ሰው ሌንስ ከተራው ፕላስቲክ ቢሠራ፣ 50 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ፍሬም ውስጥ ጠርዙ ከመሃሉ በ5 ሚሊሜትር ያህል ይወፍራል። ክፉ ጓደኛ «የጠርሙስ ቂጥ» እያለ የሚቀልድበት ነው። ስለዚህ ቀጭኑን፣ በየመነጽር ቤቱ ሃይ ኢንዴክስ የሚባለውን ይፈልጋል። ኢንዴክስ የሚባለው ሌንሱ ብርሃንን የሚያጥፍበት ኃይል ቍጥር ነው። የሲ አር 39 ቍጥር 1.50 ገደማ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ 1.60፣ 1.67፣ 1.74 የሚባሉ አሉ። ቍጥሩ ሲጨምር ያንኑ ብርሃን ለማጠፍ ያነሰ ውፍረት ይበቃል። በ1.74 የተሠራው የወጣቱ ሌንስ ጠርዝ ከ5 ሚሊሜትር ወደ 3 ተኩል ገደማ ይወርዳል፤ ሲሶው ተቈረጠ ማለት ነው። እነዚህን ሬዚኖች በዓለም ላይ ካስፋፉት አንዱ የጃፓኑ ሚትሱይ የኬሚካል ኩባንያ ነው፤ ምስጢሩም በሬዚኑ ውስጥ የገባው ድኝ ነው። በእርሻ ላይ የምናውቀው ያው ድኝ በሌንስ ውስጥ ብርሃን አጣፊ ሆነ።

ወጣቱ መነጽሩን ገዛ። ከደመወዙ ቈርጦ፣ ወራት ጠብቆ ገዛ። ከዚያም አንድ ቀን የደብረ ብርሃን የጥቅምት ፀሐይ ዓይኑን ስታቃጥለው ወደ መነጽር ቤት ጎራ ይልና «ጋሼ፣ እባክዎ ይህንን ያጥቁሩልኝ» ይላል። ባለ ሱቁም ሥራውን የሚያውቅ ሰው ከሆነ፣ ሌንሱን ወደ መብራት አቅርቦ ያገላብጥና «ልጄ፣ ይህ ቀለም አይዝም» ይለዋል። ወጣቱ ቅር ይለዋል። ሰውየው ሥራ የሰለቸው ይመስለዋል። ነገር ግን ለባለ ሱቁ መመስገን ይገባዋል፤ ሥራውን የማያውቀው ቢሆን ኖሮ እሺ ብሎ ይቀበለውና ከነገ ወዲያ የተበላሸ ሌንስ ይመልስለት ነበር። አይዝም የተባለበት ምክንያትም አንድ ብቻ አይደለም።

መጀመሪያው ከሌንሱ ጠባይ የመጣ ነው። የቀጭኑ ሌንስ ጥልፍልፍ በአመዛኙ ከሲ አር 39 የጠበቀ ስለ ሆነ ቀለሙ መሹለኪያ ቀዳዳ ያጣል። በዚህ ላይ ባሕርያቸው አንድ አይደለም። ቍጥራቸው 1.67 የሆነ ሁለት ሬዚኖች አሉ፤ ኤም አር 7ና ኤም አር 10 ይባላሉ። ኤም አር 7 ቀለም ይወዳል፤ ሙቀት ግን ቶሎ ይለውጠዋል። ኤም አር 10 ሙቀትን ይችላል፤ ቀለም ግን እንደ ወንድሙ አይጠጣም። በመነጽር ቤት ወረቀት ላይ ሁለቱም «1.67» ተብለው ስለሚጻፉ፣ ሌንሱ በገንዳው ውስጥ እስኪገባ ድረስ የትኛው እንደ ሆነ ላይታወቅ ይችላል። የ1.74 ነገር ደግሞ ከሁሉም ይከፋል። ቀለሙን የሚቀበለው በግድ ነው፤ እንዲቀበል ሙቀቱንና ሰዓቱን ሲያበዙበት ቅርፁ መጣመም፣ ወይም ራሱ ሌንሱ ወደ ቢጫ መለወጥ ይጀምራል። ወደ ጥቁር መነጽር ደረጃ ሳይደርስ መንገድ ላይ ይቀራል። ፖሊካርቦኔት የሚባለውና በጥንካሬው የታወቀው ሌንስማ ራሱ ጨርሶ ቀለም አይቀበልም፤ ቀለም የሚገባው በላዩ ላይ ወደ ተቀባው የጭረት መከላከያ ብቻ ነው።

የቀለሙም ዓይነት የራሱ ጣጣ አለው። ግራጫ የሚባለው ቀለም አንድ ቀለም አይደለም፤ የሰማያዊ፣ የቀይና የቢጫ ድብልቅ ነው። በሲ አር 39 ውስጥ ሦስቱ ጎን ለጎን ይገባሉ። በቀጭኑ ሌንስ ውስጥ ግን እያንዳንዱ በራሱ ፍጥነት ነው የሚሄደው፤ አንዱ ቀድሞ ይገባል፣ ሌላው ከደጅ ይቀራል። ግራጫ ተነክሮ ወይን ጠጅ ወይም አረንጓዴ የመሰለ ነገር ይወጣል። ሠራተኛው የጎደለውን ለመሙላት በሌላ ገንዳ ይነክረዋል፤ ያ ደግሞ ይበዛበታል። እንደ ሲ አር 39 መልሶ ማስለቀቁም ቀላል አይደለም። ስለዚህ ልምድ ያላቸው ሠራተኞች በቀጭን ሌንስ ላይ ቡናማውን ይመክራሉ፤ ጥቂት ቢዛነፍም ዓይን አይወቅሰውም።

ሁለተኛው ምክንያት ወደ ንፍሮአችን ይመልሰናል። የቀለሙ ገንዳ ከ92 እስከ 96 ዲግሪ ይፈልጋል አልን። ይህ መመሪያ የተጻፈው ውሃ በ100 ዲግሪ በሚፈላበት አገር ለሚኖሩ ሰዎች ነው። ያንኑ ገንዳ በደብረ ብርሃን በኤሌክትሪክ ብናገናኘው፣ መቈጣጠሪያውን 95 ላይ ብናደርገው፣ ገንዳው 90 ወይም 91 ላይ ይፈላና እዚያው ይቆማል፤ ማሽኑም 95 እስኪሞላለት ድረስ ውሃውን እያንተከተከ በእንፋሎት ይጨርሰዋል። ሲ አር 39 በ90 ዲግሪም ቢሆን ቀለሙን ይቀበላል፤ ጊዜው ይረዝማል እንጂ። ለጥብቁ ሌንስ ግን እነዚያ አራትና አምስት ዲግሪዎች ትልቅ ነገር ናቸው፤ ቀለም ወደ ፕላስቲክ የሚሾልክበት ፍጥነት በሙቀት ላይ እጅግ የተመካ ነውና። ሸዋ ሮቢት ላይ ቢሆን ውሃው 96 ይደርስ ነበር። በአንድ ዞን ውስጥ ባሉ ሁለት ከተሞች፣ በአንድ ገንዳና በአንድ ቀለም፣ ሁለት ዓይነት ውጤት ይገኛል ማለት ነው።

ፊዚክስ የተማረ አንባቢ «ጨው ይጨመርበት» ሳይለን አይቀርም፤ ጨው የውሃን መፍያ ከፍ ያደርጋልና። አሰላነው። አምስት ዲግሪ ለመጨመር በአንድ ሊትር ውሃ 300 ግራም ገደማ ጨው ያስፈልጋል። በድሮው ጊዜ አሞሌ ከአፋር ወደ አልዩ አምባ ገበያ በሚወጣበት ዘመን ጨዉ አይገድም ነበር ይባል ይሆናል፤ ነገር ግን ይህን ያህል ጨው ደቃቁን ቀለም እያያያዘ ያጓጉለዋል፤ ሌንሱም ነጠብጣብ ይሆናል። «በግፊት ድስት ይቀቀል» የሚል ሌላ ብልህ ይመጣል። የጨርቅ ፋብሪካዎች በእርግጥ ፖሊስተርን በዚህ መንገድ፣ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ እስከ 130 ዲግሪ እያሞቁ ይነክሩታል። የመነጽር ሠራተኛ ግን በየጥቂት ደቂቃው ሌንሱን አውጥቶ ማየት አለበት፤ የተከደነ ድስት ዓይኑን ይይዝበታል። ሌንሱም እንደ ጨርቅ 130 ዲግሪ አይችልም። የሚቀረው፣ ከቀለሙ ጋር እንደ ቤንዚል አልኮል ያለ አስገቢ መድኃኒት መጨመር ነው። ይህ በእውነት ይሠራል፤ የፕላስቲኩን ገጽ አላልቶ ቀለሙን ይመራዋል። መጠኑ ትንሽ ሲያልፍ ግን ገጹን ይበላዋል፤ ሌንሱም ጉም የለበሰ ይመስላል።

ከውሃ ጨርሶ የተላቀቀ ዘዴም አለ። በጃፓን የተሠሩ መሣሪያዎች ቀለሙን መጀመሪያ በወረቀት ላይ ያትሙታል፤ ከዚያም አየር በተመጠጠበት ሣጥን ውስጥ ወረቀቱ ሲግል ቀለሙ ሳይቀልጥ ተንኖ በሌንሱ ላይ ያርፋል፤ ሌንሱም በምድጃ ገብቶ ቀለሙ ይሰርጽበታል። በዚህ ዘዴ ውሃ በስንት ዲግሪ ይፈላል የሚለው ጥያቄ ቦታ የለውም፤ ደብረ ብርሃንና ቶኪዮ እኩል ይሆናሉ። የቀለሙ ልክም በኮምፒዩተር ስለሚታተም ግራና ቀኙ አይለያዩም። የመሣሪያው ዋጋ ግን ከገንዳውና ከሽቦው ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት፣ የወጣቱን ጉዳይ ከሥሩ የሚቈርጠው፣ ሽፋኑ ነው። ብርሃንን አብዝቶ የሚያጥፍ ሌንስ ብርሃንን አብዝቶ ይመልሳል። ሲ አር 39 በአንድ ገጹ ከመቶ 4 ያህሉን ብርሃን ሲመልስ፣ 1.74 ግን ከመቶ 7 በላይ ይመልሳል፤ በሁለቱ ገጾች ሲደመር ከመቶ 14 ገደማ ይሆናል። ይህ ሁሉ ብርሃን በሌንሱ ላይ እየተብለጨለጨ የለባሹን ዓይን ከሰው ይሰውራል፤ ማታ ማታም የመኪና መብራት ያበዛበታል። ስለዚህ ቀጭን ሌንስ ነጸብራቅ የሚከለክል ሽፋን ሳይደረግለት እምብዛም አይሸጥም፤ ተሸፍኖ፣ ተጠናቆ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ ከፋብሪካ ይወጣል። ሽፋኑ በቫኩም ውስጥ የተነጠፈ፣ ከብርጭቆ ወገን የሆነ እጅግ ስስ ንጣፍ ነው። ቀለሙ በዚያ ላይ አልፎ ወደ ፕላስቲኩ አይደርስም። በግድ ተቀቅሎ እንደ ሆነ ሽፋኑ በሙቀቱ ይሰነጣጠቃል። እንግዲህ የሥራው ተራ የማይለወጥ ነው፤ መጀመሪያ ቀለሙ፣ ቀጥሎ ሽፋኑ። ወጣታችን ግን የመጣው ከሁለተኛው በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን፣ ጥቁሩ ለምን ተፈለገ ብለን መጠየቅ ይገባናል። ለጌጥ ከሆነ የእኛ ጉዳይ አይደለም፤ ጌጥም ቢሆን አይከለከልም። ለዓይን ጤና ከሆነ ግን ስሕተት ሊኖርበት ይችላል። ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት ከሰማይ በታየ ብርሃን ምክንያት የሰየማት ከተማ ከብርሃን ጋር ያላት ጉዳይ በስሟ ብቻ አላበቃም። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ገደማ፣ በአናቷ ላይ ቀጥ ብላ ትውላለች። አየሩም ስስ ነው። አልትራቫዮሌት የሚባለው፣ በዓይን የማይታየው የፀሐይ ጨረር፣ በ1,000 ሜትር ከፍታ ከመቶ 10 ያህል እየጨመረ ስለሚሄድ፣ በዚያ ደጋ ላይ ያለው ከባሕር ጠረፍ በሲሶ ገደማ ይበልጣል። ብርዱ ደግሞ ሰውን ያታልላል፤ ጋቢ ተደርቦ ፀሐይ መሞቅ የሚወደድበት አገር ነው። በዓይን ነጭ ላይ የሚበቅለው ሥጋ፣ የዓይን ሞራም ከዚህ ጨረር ጋር ዝምድና እንዳላቸው የሕክምና ሊቃውንት ይናገራሉ።

ነገር ግን ይህን ጨረር የሚከለክለው ጥቁረቱ አይደለም። ጥቁረት የሚቀንሰው የሚታየውን ብርሃን ነው። በገበያ ላይ በርካሽ የሚሸጥ ጥቁር ፕላስቲክ አልትራቫዮሌቱን የማይዝ ከሆነ፣ ከባዶ ዓይን ይብሳል እንጂ አይሻልም፤ በጨለማው ምክንያት የዓይኑ ብሌን ይከፈታልና ጨረሩ ሰፊ በር ያገኛል። በሌላ በኩል ከ1.60 በላይ ያለው ቀጭን ሌንስ፣ ምንም ቀለም ሳይነካው፣ እንደ ውሃ ጠርቶ እያለ፣ አልትራቫዮሌቱን ሁሉ ለማለት በሚያስደፍር መጠን ይዘጋል። ተራው ሲ አር 39 እንኳ ያለ ተጨማሪ መድኃኒት ይህን ሙሉ በሙሉ አያደርግም። ወጣታችን ሊገዛው የመጣው መከላከያ ከጥዋት ጀምሮ በአፍንጫው ላይ ተቀምጦ ነበር። የጎደለው የብርሃኑን ብዛት መቀነስ ብቻ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ባርኔጣም ትንሽ አያግዝም አይባልም።

ይህን ካወቅን በኋላ ምርጫው ይቀላል። አንደኛው በመነጽሩ ላይ የሚቆነጠጥ ተደራቢ ጥቁር ነው። አያምርም የሚሉ አሉ፤ ርካሽነቱንና አንድም ዲግሪ ሙቀት አለመፈለጉን ግን ማንም አይክደውም። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ትዕዛዝ ሲሰጥ ቀለሙን ጨምሮ ማዘዝ ነው፤ ያን ጊዜ ፋብሪካው በራሱ ገንዳ ቀለሙን አስገብቶ ከዚያ በኋላ ይሸፍነዋል። ሦስተኛው ፎቶክሮሚክ የሚባለው፣ በፀሐይ የሚጠቍር በጥላ የሚጠራው ሌንስ ነው። በቀጭኖቹ ላይ ብዙውን ጊዜ በፊተኛው ገጽ በስስ ንጣፍ ስለሚደረግ፣ ሬዚኑ ቀለም ይጠጣ አይጠጣ አያሳስብም።

ስለ ፎቶክሮሚክ ግን ለሰሜን ሸዋ ሰው በተለይ ልንነግረው የሚገባ ነገር አለ። ይህ ሌንስ የሚጠቍረው አልትራቫዮሌት ሲያገኘው ነው፤ መልሶ የሚያጠራው ደግሞ በአብዛኛው ሙቀት ነው። ስለዚህ በብርድ አገር አጥብቆ ይጠቍራል፣ ለመጥራትም ይዘገያል፤ በሙቀት አገር ጥቁረቱ ይደክማል። ሁለቱም በሰፊው በሚገኙበት በደብረ ብርሃን ሜዳና በአንኮበር ተራራ፣ ማለትም ብርዱና ጨረሩ በተገናኙበት ሥፍራ፣ በጥሩ ሁኔታ ይሠራል። ጠዋት ከአንኮበር ተነሥቶ በአልዩ አምባ አድርጎ ወደ አፋር ቆላ የሚወርድ ሰው ግን ተራራው ላይ ጥቁር የነበረው መነጽሩ፣ ፀሐይዋ እየበረታች በሄደችበት ቍልቍለት ላይ፣ እየገረጣ ሲመጣበት ያያል። መነጽሩ አልተበላሸም፤ ወደ ደጋው ፀሐይ ሲመለስ ይጠቍራል። ሾፌር ለሆነ ሰው ደግሞ ሌላ ነገር አለ። የመኪናው የፊት መስታወት አልትራቫዮሌቱን ስለሚይዘው ሌንሱ በመኪና ውስጥ እምብዛም አይጠቍርም። በፀሐይ የሚነዳ ሰው በቀለም የተነከረውን ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ነገር ግን በጣርማ በር ጉም ውስጥና በዋሻው አፍ ላይ በጠራ መነጽር መለወጥ አለበት። በዓለም አቀፍ ደረጃ 4 ተብሎ የሚመደበው፣ ከብርሃኑ ከመቶ 8 በታች የሚያሳልፈው ጥቁር፣ በቀን እንኳ ቢሆን ለመንዳት የተፈቀደ አይደለም።

እንግዲህ ሌንስ ለማዘዝ ወደ መነጽር ቤት የሚሄድ አንባቢያችን ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ጥቂት ነገር ይጠይቅ። ሌንሱ ቍጥሩ ስንት ነው? 1.67 ከሆነ የትኛው ሬዚን ነው? ሽፋን አለው ወይስ ገና ይደረግለታል? ቀለም የሚፈለግ ከሆነ 8 ዲዮፕተር ላለው ሰው እንኳ ከ1.74 ይልቅ 1.60ን መምረጥ ያዋጣ እንደ ሆነ ይመዘን፤ በውፍረት የሚለየው አንድ ሚሊሜትር ያህል ሲሆን ቀለሙን ግን በብዙ ይሻላል። ቀለም ከተደረገም ሁለቱ ሌንሶች አብረው፣ ከአንድ ፋብሪካ፣ በአንድ ገንዳ፣ በአንድ ቀን መነከራቸው ይረጋገጥ። አንዱ ወድቆ ቢሰበር ለብቻው የሚነከር ተተኪ ከቀድሞው ጋር መመሳሰሉ ያጠራጥራልና፣ ባለ ሱቁ «ሁለቱንም እንለውጥ» ቢል ገንዘብ ፈልጎ ነው ተብሎ አይታማ።